አውራ ጣቴ የፈረመው

መስከረም 9

ጥፋቱ የጸሐፊው ነው። የሸንጎው ጸሐፊ፣ ያ ቀጭኑ፣ ሲራመድ ጫማው የሚንጫጫው። ይህን ሳልጽፍ ሰላምታ ልጻፍ ብል እጄ እሺ አልል አለኝ። አስቀድሜ ጻፍኩትና ወጣልኝ፤ አሁን ሰላም ልበልህ።

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጉቶዬ። ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ፈጣሪ ጉልበትህን አይንሳህ፤ ከክፉ ዓይንና ከጣፋጭ ምላስ ይሰውርህ። እኔ ጉልበቴ ከመንቋቋቱ በቀር ደህና ነኝ። ከተማው ዛሬም «ዘንዶ ገዳዩ» እያለ ይጠራሃል። እኔ «ጉቶ» ስልህ የሰሙ ይቆጡኛል። ቁመትህ ከቆዳ መቁረጫ ጠረጴዛዬ በታች በነበረ ጊዜ ያወጣሁልህን ስም ማን ሊሽርብኝ ነው?

አትደንግጥ፤ ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። በስልሳ አንድ ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። ያስተማረችኝ ጎረቤቴ መድኃኒት ቀማሚዋ ናት። ማስተማሪያ መጽሐፍ ስለሌላት ከመደርደሪያዋ ብልቃጦች ጀመርን። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «መርዝ» ነው፤ ሁለተኛው «ከመኝታ በፊት»። «እቴቴ፣ በዚሁ ከቀጠልሽ ወይ ትገድዪናለሽ ወይ ታስተኚናለሽ» አለችኝ።

ለፍቅር ብዬ ተማርኩ ብልህ ውሸት ነው። አራት ዓመት ደብዳቤህ ሲቀር ጸሐፊውን ጠየቅኩት፤ «ትልቅ ሰው ሆኗላ፣ እናንተን ምን ሊያደርግ» አለኝ። ያን ቀን ደሜ ፈላ። የተማርኩት ልሰድብህ ነው። ስድብ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ አይጻፍም።

ስድቡን ከመጀመሬ በፊት ግን ሣጥኑን ከፍቼ የድሮ ደብዳቤዎችህን አወጣሁ። ዐሥራ አንድ ናቸው። ሁሉንም ጸሐፊው አንብቦልኛል፣ መልሱንም እሱ ጽፎልኛል። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ጽሑፍህም የዶሮ ጭረት ነው። እስካሁን ሦስቱን ጨርሻለሁ። ሦስተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ «እቴቴ ደክሞኛል። ሁለት ገድያለሁ፤ ይበቃኛል። የጓዳዋን ክፍል ብትሰጪኝ መጥቼ ካንቺ ጋር ጓንት ብሰፋስ?»

ጸሐፊው ይህንኑ ወረቀት ይዞ ምን ብሎ እንዳነበበልኝ ልንገርህ? «ጤና ነኝ፤ ሦስተኛውን ለመግደል ቸኩያለሁ፤ ሰላም በይልኝ»። እኔም ሄጄ ለገበያው ሁሉ አወራሁ። «ምን ብዬ ልመልስለት?» ሲለኝ «አንገቱን ይጠብቅ በልልኝ» አልኩት። ምን እንደጻፈ አላውቅም። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፈው። እንደዚያ ነበር ሁልጊዜ።

የጓዳዋን ክፍል ጠይቀኸኝ እንደነበረ የሰማሁት እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ነው። በዚያ ቀን፣ ሁሉም ሰው ሲመጣ፣ አንተ ሳትመጣ መቅረትህ ግን አሁንም ከጉሮሮዬ አልወረደም። የቀሩትን ሳነብ እንነጋገርበታለን።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የጨው ነጋዴው ነው። የት እንዳለህ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ለእኔም አልነገረኝም፤ አይንገረኝም።

እቴቴ፣ ጓንት ሰፊዋ።
ከታች የምታየው ጽሑፍ ነው፤ ጣት አይደለም።


ጥቅምት 30

ይድረስ ይህን ደብዳቤ ለጻፉት ሰው። ጤና ይስጥልኝ። ፈጣሪ ከእውነት ጋር ያስታርቅዎ።

ጎበዝ ነዎት። እጅዎን እንደ አሮጊት እጅ ማንቀጥቀጥዎ ያስደንቃል። ነገር ግን በዚሁ ስም ብዙ ጊዜ ተጽፎልኝ ሁሉንም አምኜ ነበር። «ሁለት ብቻ ገድለህ ብትመጣ ሰው ምን ይለኛል?» ተባልኩ፤ ሦስተኛውን ገደልኩ። «ፈሪ ከቤቴ አይገባም» ተባልኩ፤ አራተኛውንና አምስተኛውን ገደልኩ። በእያንዳንዱ ግርጌ የአክስቴ አውራ ጣት ነበረ። ጣቷን አውቀዋለሁ፤ መሐሉ ላይ መርፌ የወጋት ጠባሳ አለ። ቃሉ የእሷ አልመስል ሲለኝ ጣቱን አይቼ ዝም እል ነበር።

አሁን ያለሁበት ቦታ ዘንዶ የገደለ ሰው የሚያውቅ የለም። እንዲሁ እንዲሆን ፈልጌ ነው የመጣሁት። የጨው ነጋዴው ወረቀት ይዞ ሲመጣ በሩን ልዘጋበት ነበር፤ ሰውየው ስላዘነልኝ እኔም አዘንኩለትና ተቀበልኩ።

እውነት እርስዎ እሷ ከሆኑ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። የግራ እጄን ትንሿን ጣት ማን በላት? በየአደባባዩ የሚወራውን አይንገሩኝ። መልሱን ካላወቁ ሁለተኛ አይጻፉልኝ።


ኅዳር 24

ይድረስ ለዚያ ለደረቁ ጉቶ። ባይገባህም ሰላም ላንተ ይሁን፤ ፈጣሪ ልብህን ያራራው።

«እርስዎ» አልከኝ። ያጠብኩህን፣ ቅማልህን የለቀምኩልህን ሴትዮ «እርስዎ»! መድኃኒት ቀማሚዋ ፊት ነበር ያነበብኩት፤ አፈርኩ።

ጣትህን የበላው የኔው የቆዳ መቁረጫ ነው። ስድስት ዓመትህ ነበር። «አትንካ» ብዬህ ዞር ስል ነካህ። ጣቷን በጨርቅ ጠቅልዬ ከምድጃው ጀርባ፣ ከተፈነቀለው ድንጋይ ስር ቀበርኳት። «ትበቅላለች?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔም እንዳታለቅስ ብዬ «ውሃ ካጠጣሃት» አልኩህ። ሳምንት ሙሉ ግድግዳዬን ስታጠጣ ከረምክ፤ ሻጋታው እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ከተማው የመጀመሪያው ዘንዶ በላት ይላል። ዳቦ ጋጋሪው እንዲያውም ሲያላምጣት አይቻለሁ ባይ ነው። እኔም አንድ ቀን ሐሰት ነው አላልኩም።

አሁን ተረጋጋህ? እንግዲያው ስማኝ።

በድንጋይ ካባው ላይ ዘንዶ ታይቷል። ድንጋይ ፈላጮቹ ቆፍረው የተዉት ጉድጓድ ውሃ ይዟል፤ እዚያ አንድ ጊዜ ሲጠጣ አይተውታል። ከተማው በአንድ እግሩ ቆሟል። ባለፈው ማክሰኞ ጸሐፊው በሬን አንኳኳ። ገና ከደረጃው በጫማው አወቅኩት።

«እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ልጅዎ ሊመጣ ነው።»

«ማን አለ?»

«እርስዎ ይጠሩታላ! ይኸው ጽፌ መጥቻለሁ፤ የጎደለው ጣትዎ ብቻ ነው።»

«አንብብልኛ» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። «ለምወድህ ልጄ፣ እንደምን አለህ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ናፍቆትህ አላስቀምጥ ብሎኛል…» እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ የጓንት አውራ ጣት እንደምሰፋ ሆኜ፣ ከትከሻው ስር ወረቀቱን አያለሁ። ወረቀቱ ላይ ናፍቆት የሚባል ነገር የለም። «ካልመጣህ ከቤቴ ያስወጡኛል፤ ሜዳ ላይ ወድቄ ውሻ ይበላኛል፤ ደሜ በራስህ ላይ ይሁን» ነው የሚለው። ጉቶዬ፣ ሰውየው ዓይኑን አያርገበግብም። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነበው። ጣቱ «ውሻ» ላይ ሲደርስ አፉ «የዓይኔ ብርሃን» አለ።

«አቤት ሲያምር!» አልኩት።

«ጣትዎን ይስጡኛ።»

«ወስፌ ወግቶኝ አብጧል» ብዬ በጨርቅ የጠቀለልኩትን አሳየሁት። የተጠቀለለው ለሌላ ነገር ነበር፤ ሳይደግስ አይጣላም።

«በሌላው እጅ እናድርገው እንጂ።»

«ልጁ የሌላውን እጅ ጣት አያውቀውም። ተጠራጥሮ ቢቀር በእኔ አታሳብ።»

አሰበና «ሲድን እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ለምን ፊቱ ላይ አላፈረጥሽበትም ትለኝ ይሆናል። ፈራሁ። አንድ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ስንት ዓመት እንዲህ ሲያደርግህ እንደኖረ ድንገት ስታይ፣ ቁጣው ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ የሚመጣው ብርድ ነው።

እንግዲህ እሱ በእኔ ስም «ና» ሊልህ ነው። ከሱ ልቅደም። ናልኝ። ለዘንዶው አይደለም፤ ለኔ። የጓዳዋን ክፍል በየሳምንቱ እጠርጋታለሁ። ቤቱ ውስጥ ከመርፌዬ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። በር በተንኳኳ ቁጥር እነሳለሁ፤ ጉልበቴ እየተንቋቋ እነሳለሁ፤ ጓንት ገዢ ነው።

ስድስተኛውን ደብዳቤ ጨርሻለሁ። ሰባተኛውን ውሃ ነክቶት ቀለሙ ፈሷል። መድኃኒት ቀማሚዋ የምታጎላበትን መስታወት ልታውሰኝ ቃል ገብታለች።

እቴቴ።


ጥር 11

ይድረስ ለእቴቴ። ጉልበትሽን ስሜ ሰላም እልሻለሁ። ፈጣሪ ያን ጉልበት ይጠግንልሽ፤ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ ያስተማረችሽን ሴትዮ ይባርካት። «እርስዎ» ስላልኩሽ ይቅር በይኝ።

ግድግዳውን ማጠጣቴን ረስቼው ነበር። ሳነበው ሳቅኩ። እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ስቆ ስለማያውቅ ዶሮዬ ደንግጣ ወጣች። አንዲት ዶሮ አለችኝ፤ እንቁላል አትጥልም፤ ሁለታችንም ከሥራ የተሰናበትን ነን።

የምኖርበት ቤት ድሮ ኬላ ነበር። አሁን ማንም ስለማይፈትሽበት ተትቷል። መንገዱ በበረዶና በጭጋግ ይጠፋል። እኔ ድንጋይ እየደረደርኩ ምልክት አቆማለሁ፤ ሲፈርስ መልሼ እደረድራለሁ። ነጋዴዎቹ «ዝምታው» ይሉኛል። መንገድ ሲጠፋቸው ይፈልጉኛል፣ አሳያቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ። መሄዳቸው ደስ ይለኛል። ሰይፉን አልጣልኩትም፤ የበር መቀርቀሪያ አድርጌዋለሁ። በልኩ የተሠራ ይመስል ልክክ ብሎ ገጥሟል።

ብቻዬን መሆኔ ቅጣት ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። አሁን ግን፣ እቴቴ፣ ቅር አይበልሽ፣ ወደድኩት። እዚያ ሰዎች እኔን ሲያዩ ሌላ ሰው ነው የሚያዩት። ልጆቻቸውን አቅፈው «ንካው፣ ንካው» ይላሉ። ከገባሁበት ቤት ሁሉ የሚቀጥለውን ዘንዶ ይነግሩኛል። «ደክሞኛል» ስላቸው ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ።

ስለ ስድስተኛው ጽፌልሽ ነበር፤ እንደገና ልንገርሽ። ተኝቶ ነበር ያገኘሁት። ዓይን የለውም። ዘንዶ ዓይን እንደሌለው ያወቅኩት ስድስተኛው ላይ ነው፤ ከአምስቱ ጋር ፊት ለማየት ፋታ አልነበረኝም። የመንደሩ ሰዎች ደወል ደወሉ። ያን ጊዜ ላም የጥጃዋን ድምፅ ስትሰማ እንደምታደርገው አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ደወሉ ዞረ። የመዳቡ ድምፅ የወገኑ ጥሪ ይመስለዋል፤ የሚጠራው ማን እንደሆነ ሊፈልግ ይወርዳል፤ የሚያገኘው የደወል ማማና ሰው ነው። ዝም ከተባለ ውሃውን ጠጥቶ፣ ወር ሳይሞላው ወደመጣበት ይሄዳል። ሁሉንም የምንጠራቸው እኛው ነበርን። ከዚያ ደግሞ እኔን ይጠሩኛል። ይህን እያወቅኩ ስድስተኛውን ገደልኩት፤ ሰዎቹ ቆመው እያዩኝ ነበርና። ከዚያ ወዲህ እጄን አልወደውም።

በሰባተኛው ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ይህንኑ ነበር፤ ደወሉን አትደውሉ ብዬ። የመጣልኝ መልስ «የፈሪ ሰበብ» የሚል ነበር፤ ጣትሽ ከግርጌው። ከዚያም አራት ጻፍኩና ተውኩ።

አሁን ለሸንጎው ንገሪልኝ። ማንም ሰይፍ አያስፈልገውም፤ ዝም ይበሉ፣ ካባው ላይ አይውጡ። ባልሽ፣ አጎቴ ደዋዩ፣ እንዴት ነው? በደወሉ ቀልድ እንደማያውቅ አልረሳሁም፤ «ሚስቴ አንድ፣ ደወሌ ሁለት» ይል ነበር፣ ምላሱ ሲሳሳት ደግሞ ይገለብጠው ነበር። ቀስ ብለሽ ንገሪው፤ እንዳይቀየመኝ። ሰላም በይልኝ።

ናልኝ ብለሻል። ልዋሽሽ አልችልም፤ መምጣት አልፈልግም። ነገር ግን አንቺን እምቢ ብዬ አላውቅም። ይህን ሁሉ ካነበብሽ በኋላ አሁንም «ና» ካልሽኝ እመጣለሁ። ውሳኔው ባንቺ እጅ ነው።

ጉቶሽ።


ጥር 29

ይድረስ ለጉቶዬ። ፈጣሪ አለሁ ይበልህ፤ ይህን ስታነብ ተቀመጥ።

የጨው ነጋዴው በቅሎዎቹን ጭኖ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ላሳጥር። ሰላምታህን ለአጎትህ አላደረስኩም። የማደርስለት ሰው የለም። አጎትህ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው።

ያኔም ዘንዶ መጣ ተባለ። እንደ ሥራው ሊደውል ወጣ። ሦስት ጊዜ ደወለ። አራተኛውን አልሰማንም። የማማው አናት ሜዳው ላይ ነበር፣ እሱም ከሥሩ። ዘንዶው ማማውን አፍርሶ ሄደ።

ጸሐፊው «የመርዶውን ደብዳቤ እኔ ልጻፍልዎ» ብሎ ጣቴን ወሰደ። ከወር በኋላ መልስህን አነበበልኝ፦ «ፈጣሪ ያጽናሽ፤ ሥራ ስለበዛብኝ መምጣት አልችልም»። አምስት ዓመት ሙሉ በዚያች ቃል ጠላሁህ። ሬሳው ላይ ያልመጣ የእህቴ ልጅ እያልኩ። መርዶውን እንዳልጻፈልህ የገባኝ «ሰላም በይልኝ» ስትለኝ ነው። ለምን እንደደበቀህም ገብቶኛል፤ ብትሰማ ኖሮ «ደወሉን አትደውሉ ብዬ አልነበረም ወይ?» ትላለህና።

ሰባተኛውን ትናንት በመስታወቱ አነበብኩት። «ለአጎቴ ንገሪው፤ ዘንዶ ሲመጣ ደወሉን እንዳይነካ፤ ገመዱን ትቶ ይውረድ» ይላል። ጸሐፊው ይህን ያነበበልን ቀን አስታውሳለሁ። አጎትህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጫማውን እየጠገነ ነበር። የተነበበልን «ለአጎቴ ሰላም በይልኝ፤ ዘንዶ ሲመጣ ደወሉን አጠንክሮ ይደውል» ነው። አጎትህ ምን ያህል ደስ እንዳለው! «አየሽ፣ ልጁ ሥራዬን ያውቃል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመዱን በሁለት እጁ ነበር የሚስበው።

ነጋዴው ጠራኝ። አሁን ምንም አትበለኝ።


መጋቢት 6

ይድረስ ለእቴቴ። ፈጣሪ ነፍሱን በጸጥታ ያሳርፍልን።

ሁለት ቀን ድንጋይ ስደረድር ዋልኩ። መልሼ አፈረስኩት።

እንደዚያ ያለ መልስ ጽፌልሽ አላውቅም። ግን ስላላወቅኩ ነጻ አልወጣም። የጣትሽን ጠባሳ አይቼ የማይመስል ቃል ያመንኩ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ተነስተሽ መጥተሽ በሬን ብታንኳኪ ኖሮ እንዳልል፣ እኔ ነበርኩ ማንኳኳት የሚገባኝ። ፈሪ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ስድስት ዘንዶ ያልፈራ ሰው አክስቱን ፈራ።

ሰይፉን ከበሩ አውርጄዋለሁ። ስስለውም ሰነበትኩ። ለዘንዶው አይደለም። ያን ጸሐፊ ማግኘት እፈልጋለሁ፤ ከዚያ በአጎቴ መቃብር ላይ ልቆም። ዶሮዋን ለነጋዴው እሰጣታለሁ።

ቃልሽን እጠብቃለሁ። «ና» በይኝ።

ጉቶሽ።


ሚያዝያ 13

ይድረስ ለጉቶዬ፣ ለእህቴ ልጅ፣ ለልጄ። ሰላምህ ይብዛ። ፈጣሪ በበረዶው መካከል ሙቀት ይስጥህ፤ የደረደርከውን ድንጋይ ያጽናልህ።

«ና» በይኝ ያልከው ወረቀት ከደረሰኝ ዐሥራ ሦስት ቀኔ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጻፍኳት። አንዲት ፊደል ናት። ይህን ሁሉ ተምሬ የሚያስፈልገኝ አንዲት ፊደል ሆነች። ጻፍኳትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ቆዳ ስቆርጥ አያታለሁ፤ ታየኛለች። እንዴት እንደፈለግኩ ባወራልህ አታምነኝም።

እስከዚያው የሆነውን ልንገርህ። በጥር የጻፍከውን ደብዳቤ በያዝኩ ሳምንት ሸንጎው ተሰብስቦ ነበር፤ ሰባተኛውን ደብዳቤ ይዤ ገባሁ። ጸሐፊው ቀለሙን አዘጋጅቶ «እማማ፣ ጣቱ ዳነ?» አለ።

«ድኗል። የመጣሁት ግን ላነብ ነው» አልኩ።

ሳቁ። ሰብሳቢው «ከመቼ ወዲህ ነው የምታነቢው፣ እናቴ?» አለኝ።

«መርዝ ከሚለው ወዲህ» አልኩት፣ ጸሐፊውን እያየሁ።

አነበብኩላቸው። እየተንተባተብኩ፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ እየደገምኩ አነበብኩ። ጸሐፊው ግን «ፊደል የለየችው ትናንት ነው፤ ተሳስታ ነው» አለ። መድኃኒት ቀማሚዋ ተነስታ ወረቀቱን ተቀበለችኝና ያንኑ ቃል በቃል አነበበች። እሷን ተሳስታ ነው የሚል አልተገኘም፤ የሁሉንም ሆድ የምታክም ሴት ናት። ያን ጊዜ ዳቦ ጋጋሪው «ታዲያ ደወል ካልደወልን ምን እናድርግ? ዝም ብለን እንቀመጥ?» ብሎ ጮኸ። ዝም ብሎ መቀመጥ ከመበላት ይልቅ አስፈራቸው። ተመካከሩና ወሰኑ፤ ደወሉ ይደወላል፣ ጀግናውም ይጠራል። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ጻፈው። ስለ አጎትህ የጠየቀ የለም።

የማማው አንደኛው ቁልፍ ግን እኔ ዘንድ ነበር። ማማው ሲጠገን በሩ አልተለወጠም፤ ቁልፉንም ከሟቹ ሚስት ልቀበል ያለ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ አዲሱ ደዋይ ሊበላ ሲወርድ ወጣሁ። ደረጃው ሰማንያ አራት ነው፤ በየዐሥሩ ተቀመጥኩ። ሁለት እጥፍ የበሬ ቆዳ፣ የበግ ጸጉር፣ ወስፌና በሰም የታሸ ክር ይዤ ነበር። ደወሉ ውስጥ ገብቼ፣ ለሚንጠለጠለው የብረት ምላስ ጓንት ሰፋሁለት። አርባ ዓመት ለእጅ ሰፍቻለሁ፤ ለብረት ስሰፋ የመጀመሪያዬ ነው። ጸጉሩን ወደ ውስጥ፣ ስፌቱን ድርብ አደረግኩት። አጎትህ ቢያየኝ ይጮህብኝ ነበር። ደወሉን በእጄ ዳብሼ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ማንኛቸውን እንደሆነ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘንዶው ተመልሶ መጣ። ገመዱን ሳቡ። ቡጢ ትራስ ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ያህል ተሰማ። አዲሱ ደዋይ እያለቀሰ ይስባል፣ ደወሉ ዱብ ይላል። ሰው ሁሉ ከየአልጋው ስር ገባ። እኔ ከማማው ስር ቆሜ ነበር፤ ካባው ከዚያ ይታያል። ልይ ብዬ፤ ባሌን የበላውን ልይ። አየሁት። እንስሳ ነው። ትልቅ፣ ያረጀ፣ ዕውር እንስሳ። ውሃውን ጠጣ፣ አፉን አራገፈ፣ ጥቂት አዳመጠ። የሚጠራው ሲያጣ ሄደ። ዘጠኝ ቀን እየመጣ ጠጣ። በዐሥረኛው ቀረ።

አሁን የሚወራውን ስማ። ዘንዶ ገዳዩ ከኮረብታው ጀርባ በሥውር ቆሞ ነበር፤ ዘንዶው ሸተተውና ሸሸ ይላሉ። ሐውልት ሊያቆሙልህ ነው። ድንጋይ ጠራቢው መጥቶ የትኛው ጣት እንደጎደለህ ጠየቀኝ፤ «አምስቱንም ሥራቸው፣ ምን አጎደለህ» አልኩት። በደወሉ ላይ ያደረግኩት ሲታወቅ ቁልፉን ነጠቁኝ። ዳቦ ጋጋሪው በሕይወታችን ተጫወተች ብሎ ዳቦ አይሸጥልኝም። ጓንት የሚገዛኝም ቀንሷል። ጸሐፊው ያው ጸሐፊ ነው፤ ጫማውን ብቻ ቀይሯል፣ አሁን ሲመጣ አይሰማም። ከቤቴ ፊት ለፊትም አንድ ዘበኛ አቁመዋል። ለእኔ አይደለም፤ አንተ የመጣህ ዕለት ሮጦ እንዲናገር ነው። ገና ጓዝህን ሳታወርድ ተሸክመውህ ይዞራሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ከተማ ሌላ ደወል ይደውልና ይልኩሃል።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው ብዬህ ነበር። አሁንም የሱ ነው፤ አልምረውም። ግን ጣቱ የኔ ነው። አንድ ቀን እንኳ «ምን ብለህ ጻፍክ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። ለምን መሰለህ? የጀግና አክስት መባል ደስ ይለኝ ነበር። ገበያ ላይ ከወረፋ ያሳልፉኝ ነበር። «ሦስተኛውን ሊገድል ነው» ሲለኝ ያመንኩት ማመን ስለጣመኝ ነው። አንተም ጣቴን አመንክ፤ አጎትህም አመነ። አንተ መጥተህ ጸሐፊውን ብትቆርጠው ሰባተኛ ይሆንልሃል፤ አጎትህ ግን አይነሳም፤ እጅህንም መልሰህ አትወደውም።

ሰይፉን ወደ በሩ መልሰው። ልክክ ብሎ ገጥሟል ብለኸኝ የለ? ዶሮዋንም ነጋዴው ካልበላት አስመልሳት። አጎትህ መቃብር ላይ ባንተ ፋንታ ቆሜያለሁ፤ ሰባተኛውን ደብዳቤ በራሴ አፍ አነበብኩለት፤ እንደተጻፈው። ዘግይቶም ቢሆን ደረሰው።

ከዚህ ጋር ጓንት ልኬልሃለሁ። የግራው ባለ አራት ጣት ነው። ለድንጋይ ሥራ ነው፤ መዳፉን አጠንክሬዋለሁ። ለሰይፍ አይመችም፤ አውቄ ነው።

የአውራ ጣት ምልክት ያለበት ደብዳቤ ከመጣልህ ሳታነብ ቅደደው። ታመመች ቢሉህ፣ ከቤቷ ወጣች ቢሉህ፣ ሞተች ቢሉህም አትነሳ። ስሞት መድኃኒት ቀማሚዋ በራሷ እጅ ትጽፍልሃለች፤ ያኔም እዚያው ሆነህ አልቅስልኝ።

ያቺን ፊደል ትናንት ምድጃው ውስጥ ጨመርኳት። ትንሽ ስለነበረች ለመቃጠል ጊዜ አልፈጀባትም።

ከእንግዲህ ጣቴን ቀለም ውስጥ አልነክርም። የጓዳዋን ክፍል አልጠርግም። በር ሲንኳኳ አንተ ነህ ብዬ አልነሳም። ና አልልህም።

እቴቴ።